«ይሄ ፋይል ምንድን ነው?» ማንነቱ የጠፋ የአኒሜሽን ፋይል ሲያጋጥም

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው አንድ ጋሼ አሉ። የሰርግ፣ የምርቃት፣ የክርስትና ቪዲዮ ይሠሩ ነበር። ሱቁ ከተዘጋ ቆየ። ባለፈው ቅዳሜ በሬን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ፍላሽ ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል?»

«እሞክራለሁ ጋሼ። ይግቡ።»

«እዚህ ውስጥ የሱቄ መክፈቻ አለ። ያ ጽሑፉ እየተሽከረከረ የሚመጣው። ለልጅ ልጆቼ ላሳያቸው ብዬ ነበር፣ እምቢ አለኝ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ተበላሽቷል አለ።»

ፍላሹን ሰካሁት። አንድ ፋይል ብቻ አለበት። ስሙ መጨረሻው ላይ ኤምፒ4 ይላል። ስከፍተው ማጫወቻው ጥቁር መስኮት አሳየኝና ዝም አለ። ነገሩን ስጠይቅ፣ ልጁ ፋይሉን ከድሮ ሲዲ ላይ ነው የገለበጠላቸው። አልከፈት ሲለው «ኤምፒ4 ካልኩት ይከፈታል» ብሎ ስሙን ቀየረው። የቀድሞውን ስም አያስታውስም። ሲዲውም ተጥሏል።

ጋሼን ሻይ አቀረብኩላቸውና ሥራ ጀመርኩ። ያደረግኩትን እዚህ ልጻፈው። ዛሬ የማይከፈት ፋይል የሚያጋጥመው የድሮ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ብቻ አይደለም። ከቴሌግራም ስቲከር ያወረደም፣ ከውጭ አገር ደንበኛ የሥራ ፋይል የተላከለት ልጅም ያው ነው።

ማዳበሪያው ላይ የተጻፈው

ከፋይሉ ስም ቀጥሎ፣ ከነጥብ በኋላ የምትመጣዋ አጭር ቃል ኤክስቴንሽን ትባላለች። ብዙዎቻችን የፋይሉን ዓይነት የምትወስነው እሷ ትመስለናለች። አትወስንም። ማዳበሪያ ላይ በማርከር እንደተጻፈ ቃል ናት። «ስኳር» ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ጤፍ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ማዳበሪያውን አይፈታም። ጽሑፉን ያነብና «ይሄማ የእገሌ ነው» ብሎ ለአንዱ ፕሮግራም ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ሲከፍተው ጤፍ ያገኛል፣ ግራ ይገባዋል፣ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። የተበላሸ ነገር ግን የለም።

ስለዚህ ስም መቀየር ጤፉን ስኳር አያደርገውም። ይሄን ያልኩት የጎረቤቱን ልጅ ለመውቀስ አይደለም። እኔም በዕድሜው አድርጌዋለሁ።

ጽሑፉ እውነተኛ ሲሆንም አይበቃም። «አኒም» የሚል ኤክስቴንሽን ያለው ፋይል ቢመጣላችሁ ቢያንስ ሦስት ባለቤት አለው። አንደኛው አሚጋ የሚባለው የ1980ዎቹ ኮምፒውተር ነው፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎቹን በዚህ ስም ያስቀምጥ ነበር። ሁለተኛው ማያ የሚባለው የሦስት አቅጣጫ (ስሪዲ) ሥዕል ሶፍትዌር ነው። ሦስተኛው ዩኒቲ የተባለው የጌም መሥሪያ ነው። ሦስቱ በስም እንጂ በምንም አይገናኙም። በአንዱ ሰፈር ሦስት አበበ እንዳለ ነው።

ዊንዶውስ ደግሞ የሚያውቃቸውን ኤክስቴንሽኖች ሲጀመር ጀምሮ ይደብቃል። ማንኛውንም ፎልደር ከፍታችሁ፣ «ቪው» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ፣ የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ ምልክት አድርጉ። ይህን ሳታደርጉ ወደ ሌላው አትሂዱ። ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

አኒሜሽን ሲባል የትኛው?

ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፣ ፎቶም ፎቶ ነው። አኒሜሽን ግን እንዲህ አይደለም። በዚህ ስም የሚጠሩት ፋይሎች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፈላጊውን የሚያደክመውም ይሄ ነው።

አንደኛው ዓይነት የተደረደሩ ሥዕሎች ነው። ደብተር ጠርዝ ላይ ሰውዬ እየሣልን ገጹን በጣት ስናገላብጥ እንደሚሮጠው። ጂአይኤፍ (ብዙዎቻችን ጊፍ የምንለው) እንዲህ ነው። ተንቀሳቃሽ ዌብፒ የሚባለው የሥዕል ፎርማትም እንዲሁ።

ሁለተኛው ሥዕል የለውም፣ ትእዛዝ ነው ያለው። «ክብ ሥራ፣ ቀይ ቀባው፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ ውሰደው» የሚል። የተጋገረ እንጀራ ሳይሆን እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር የተጻፈበት ወረቀት እንደ ማለት ነው። የሚጋግረው በሌለበት ወረቀቱ አያጠግብም። ድሮ ድረ ገጽን ሁሉ ሞልቶት የነበረው ፍላሽ ከዚህ ወገን ነው። (የምንሰካውን ፍላሽ ማለቴ አይደለም።) ዛሬ በስልክ አፕሊኬሽኖች ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ትንንሽ ምስሎች ብዙዎቹ ሎቲ በሚባል ፎርማት የተሠሩ ናቸው፣ እነሱም ከዚሁ ናቸው። ሎቲ ስሙን ያገኘው ሎቴ ራይኒገር ከተባለች ጀርመናዊት የጥላ ሥዕል ፊልም ሠሪ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ደግሞ ኤርቢኤንቢ ነው፣ የእንግዳ ማረፊያ የሚያከራየው ኩባንያ።

ሦስተኛው የሦስት አቅጣጫ ሥራ ነው። የገጸ ባሕርይ አካል፣ አጥንት፣ ብርሃን፣ ካሜራ። አንዳንዱ ሁሉንም ይይዛል፣ አንዳንዱ እንቅስቃሴውን ብቻ። ቢቪኤች የሚባለውን ፋይል ውሰዱ። ውስጡ የአጥንቶች ስምና የመገጣጠሚያ ማዕዘኖች ቁጥር ነው። ሥጋ የለውም፣ ልብስ የለውም። ጭፈራው አለ፣ ጨፋሪው የለም። ይሄንን በቪዲዮ ማጫወቻ ለመክፈት ስትታገሉ ብትውሉ አይከፈትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት «በምን ልክፈተው?» ብላችሁ መሆን የለበትም። ከሦስቱ የትኛው ነው? እሱ ከታወቀ ግማሹ ሥራ አልቋል።

«ይድረስ ለ…»

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ።

ደብዳቤ ስታነሡ የመጀመሪያውን መስመር አይታችሁ ምንነቱን ታውቃላችሁ። «ጉዳዩ» ብሎ ከጀመረ የቢሮ ነው። «ይድረስ ለምወድሽ» ካለ የቢሮ አይደለም። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ የሚጀምር ብራና ያገኘ ሰው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ እንደያዘ ለማወቅ መሐሉን አይገልጥም። ፋይሎችም እንዲህ ናቸው። ፎርማቱን የፈጠሩት ሰዎች መጀመሪያው ላይ ጥቂት ባይት (ፋይል የሚለካበት ትንሽ ቁራጭ) የምትሆን ምልክት ያስቀምጣሉ። ባለሙያዎች «ማጂክ ነምበር» ይሏታል። ስሙን የቀየረ ሰው ይቺን አይነካትም፣ እንዳለች ትቀመጣለች።

ለማየት ሄክስ ኤዲተር የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ኤችኤክስዲ የሚባል ነፃ አለ። ማክና ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኤክስኤክስዲ የምትባል ትእዛዝ አለች። ከፈታችሁት፣ በግራ በኩል የቁጥር ሠራዊት ታያላችሁ፣ በቀኝ በኩል የተሰባበረ ፊደል። አትደንግጡ። ማንበብ ያለባችሁ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ የተጻፉት በአሥራ ስድስት ቤት ነው። ከ0 እስከ 9 ይሄዱና ቀጥሎ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይመጣሉ። ኤ 10 ናት፣ ኤፍ 15። አንድ ባይት ሁለት አሃዝ አለው። የግራውን በ16 አባዙ፣ የቀኙን ደምሩበት። 47 የሚለው አራት ጊዜ 16 ሲደመር 7 ነው፣ 71 ማለት። 71 ደግሞ በላቲን ፊደል ሠንጠረዥ «ጂ» ናት።

እንግዲህ ፋይላችሁ 47 49 46 38 39 61 ብሎ ከጀመረ፣ «ጂአይኤፍ89ኤ» እያለ ነው። ጨዋታው አለቀ። 89 የምትለዋ ዓመት ናት። ኮምፑሰርቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጂአይኤፍን በ1987 እ.ኤ.አ. አወጣ፣ በ1989 አሻሻለው። በእያንዳንዱ ሥዕል መሐል ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ መጻፍ የተቻለው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ አምስተኛው ባይት 39 መሆኑ ቀርቶ 37 ከሆነ የ1987ቱ ነው፣ አኒሜሽን መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሌላም ነገር አለ። ትክክለኛ ጂአይኤፍ የሚያልቀው 3ቢ በሚል ባይት ነው። መጀመሪያው ደህና ሆኖ መጨረሻው ላይ 3ቢ ከሌለ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ዳውንሎዱ መሐል ላይ ቀርቶ ይሆናል። «የማይታወቅ» እና «የተጎዳ» እንዲህ ይለያሉ።

52 49 46 46 ከሆነስ? «አርአይኤፍኤፍ» ነው። ይሄ የቤተሰብ ስም ነው። በኛ ወግ የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል። እነዚህ ገልብጠውታል። አባትየው መጀመሪያ ይመጣል፣ አራት ባይት የመጠን ቁጥር ይከተላል፣ ከዚያ ከዘጠነኛው ባይት ጀምሮ የልጁ ስም። 57 45 42 50 ካለ ዌብፒ ነው። 41 56 49 20 ካለ ኤቪአይ፣ የድሮው ቪዲዮ። «ኤኮን» የሚል ቃል በቀኝ በኩል ካያችሁ ደግሞ የዊንዶውስ የምትንቀሳቀስ የማውስ ቀስት ናት። አባታቸው አንድ፣ እነሱ ግን የተለያዩ። አርአይኤፍኤፍ የሚለውን ብቻ አይቶ «ኤቪአይ ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው አለ፣ አትቸኩሉ።

ሁሉም በመጀመሪያው ባይት አይናገርም። ኤምፒ4 መጀመሪያ አራት ባይት የመጠን ቁጥር ያስቀድማል። ምልክቱ 66 74 79 70 ከአምስተኛው ይጀምራል፣ «ኤፍቲዋይፒ» ተብሎ ይነበባል። ይሄን ማወቅ ከቴሌግራም «ጊፍ» ለሚያወርድ ሰው ይጠቅማል። ቴሌግራም ከ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ጂአይኤፍን ወደ ድምፅ አልባ ኤምፒ4 ይቀይራል፣ ክብደቱ በጣም ስለሚቀንስ። እናንተ ጊፍ ብላችሁ አወረዳችሁ፣ ፓወርፖይንት ላይ እንደ ፎቶ ለማስገባት ሞከራችሁ፣ አልገባም። ቪዲዮ ነዋ።

ፍላሽም በቀላሉ ይለያል። 46 57 53 ወይም 43 57 53 ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው የተጨመቀው ነው። አዶቤ ፍላሽን መደገፍ ያቆመው በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ከጥር 12 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የራሱ ማጫወቻ ፍላሽ ይዘትን ማሳየት እምቢ እንዲል አደረጉት። ግን ሩፍል የሚባል ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ይከፍታል። የድሮ ፍላሽ ጌም ያላችሁ አትጣሉ።

የጋሼ ፋይል

ወደ ሻዩ እንመለስ። የጋሼን ፋይል ስከፍት የመጣው የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦

58 34 02 00 11 ኤኤፍ 38 00 40 01 ሲ8 00 08 00

ኤምፒ4 ቢሆን ኖሮ ከአምስተኛው ባይት 66 74 79 70 ማየት ነበረብኝ። የለም። በቀኝ በኩልም የሚነበብ ቃል የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ግን ቁጥር ራሱ ይናገራል።

የፋይሉን መጠን አየሁ። 144,472 ባይት። ለቪዲዮ በጣም ትንሽ ነው፣ 141 ኪሎባይት ገደማ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አራት ባይቶች አየሁ፣ 58 34 02 00። እነዚህን ወደ ኋላ ማንበብ ያስፈልጋል። ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ኮምፒውተሮች ቁጥር ሲያስቀምጡ ትንሹን ያስቀድማሉ። ሳንቲሙን አስቀድሞ፣ ብሩን አስከትሎ እንደሚቆጥር ሰው። 58 ማለት 88 ነው። 34 ማለት 52 ነው፣ በ256 ይባዛል፣ 13,312። 02 በ65,536 ይባዛል፣ 131,072። ደምሯቸው። 144,472!

ፋይሉ የራሱን ክብደት ግንባሩ ላይ ጽፏል። ይሄ በአጋጣሚ አይሆንም። እግረ መንገዱን ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ፋይሉ ሙሉ ነው፣ ምንም አልተቆረጠም። ሁለተኛ፣ የተወለደው በፒሲ ሰፈር ነው። አሚጋ ቢሆን ኖሮ ትልቁን ያስቀድም ነበር። አንድ ሰው አፉን ሲከፍት የጎጃም ነው የወሎ ነው እንደምትሉት፣ የባይት አቀማመጥም ዘዬ አለው።

ቀጥሎ 11 ኤኤፍ። ይሄም ሲገለበጥ ኤኤፍ11 ይሆናል። በቃ፣ ተገኘ። የኤፍኤልአይ ፎርማት ምልክት ናት። ታናሽ ወንድሙ ኤፍኤልሲ ደግሞ ኤኤፍ12 ነው።

ቀሪውን ለማረጋገጥ ቀጠልኩ። 38 00 ማለት 56፣ የፍሬሞቹ (ተራ በተራ የሚታዩት ሥዕሎች) ብዛት። 40 01 ማለት 64 ሲደመር 256፣ 320 ነው። ሲ8 ደግሞ አሥራ ሁለት ጊዜ 16 ሲደመር 8፣ 200። ስፋቱ 320፣ ቁመቱ 200። የድሮ ዶስ ጌም የተጫወተ ሰው ይቺን ልክ ያውቃታል። 08 የሚለው ለአንድ ፒክስል 8 ቢት፣ ማለትም 256 ቀለም። ትንሽ ወረድ ብሎ ፍጥነቱ አለ፣ 05 00 ይላል። ኤፍኤልአይ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ ሰባኛ ነው። ምክንያቱም የዚያን ጊዜው ስክሪን በዚህ ልክ በሰከንድ 70 ጊዜ ይታደስ ነበር። በየአምስት ሰባኛው አንድ ፍሬም ካለ፣ በሰከንድ 14 ፍሬም ይሆናል። 56 ሲካፈል ለ14፣ አራት ሰከንድ።

«ጋሼ፣ መክፈቻው አራት ሰከንድ ነበር?»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማን ነገረህ?»

ኤፍኤልአይ የመጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ኦቶዴስክ አኒሜተር ከሚባለው የዶስ ሶፍትዌር ጋር ነው። የጻፈው ጂም ኬንት የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው። ስለዚህ ሰውዬ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አይቀለኝም። ሰውዬው በኋላ ኮምፒውተር ሥዕል ትቶ ሥነ ሕይወት ለመማር ሳንታ ክሩዝ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2000 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ ጂኖም ቁርጥራጮች ተሰብስበው የሚገጣጠማቸው ሲጠፋ፣ የሚገጣጥመውን ፕሮግራም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጽፎ ያደረሰው እሱ ነው። የጋሼን የሰርግ ቪዲዮ መክፈቻ ያሽከረከረው እጅና የሰውን ልጅ የዘር መጽሐፍ የሰፋው እጅ አንድ ነው።

የፎርማቱ ብልሃትም ይወደዳል። 320 በ200 ሲባዛ 64,000 ፒክስል ነው። 56 ፍሬም ሙሉ በሙሉ ቢቀመጥ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ባይት በላይ ይሆን ነበር። ፋይሉ ግን ከዚያ ወደ 25 እጥፍ ያነሰ ነው። የመጀመሪያውን ሥዕል ሙሉውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ። ዳራው ካልተንቀሳቀሰ ስለ ዳራው ምንም አይጻፍም። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፍሬም አለ፣ በቆጠራው ውስጥ የማይገባ። ሥራው ከመጨረሻው ሥዕል ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን ልዩነት መያዝ ነው። አኒሜሽኑ ሳይደናቀፍ እንዲዞር።

ፖስታ ውስጥ ፖስታ

አሁን ከድሮው እንውጣ። የምትንቀሳቀስ የቴሌግራም ስቲከር እንደ ፋይል ያገኘ ሰው ቲጂኤስ የሚል ያያል። ምንም አይከፍትለትም። ሄክስ ላይ ሲያየው 1ኤፍ 8ቢ ብሎ ይጀምራል።

ይሄ የአኒሜሽን ምልክት አይደለም። ጂዚፕ ነው፣ መጭመቂያ። ማለትም ያያችሁት ደብዳቤውን ሳይሆን ፖስታውን ነው። ቅጂ ውሰዱና (ዋናውን አትንኩ) ሰቨን ዚፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍቱት። ውስጡ ተራ ጽሑፍ ይወጣል፣ በኖትፓድ የሚነበብ። ጥምዝ ቅንፍ፣ ከዚያ አጫጭር ቃላትና ቁጥሮች። «ኤፍአር» አጠገብ 60 ይላል፣ በሰከንድ 60 ፍሬም። «አይፒ» 0፣ «ኦፒ» 180፣ ከዜሮ ጀምሮ 180 ላይ ያልቃል። ሦስት ሰከንድ። «ደብሊው» እና «ኤች» 512። ይሄ ከላይ ያልኳችሁ ሎቲ ነው። ቴሌግራም በ2019 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው ስቲከሩ ከሦስት ሰከንድና ከ64 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ወሰነ። በየቀኑ ከምንላላካቸው ተንቀሳቃሽ ስቲከሮች ብዙዎቹ እንግዲህ የተጨመቀ ጽሑፍ ናቸው። ኔትወርኩ ደካማ በሆነ ቀን እንኳን ስቲከሩ ቶሎ የሚመጣልን ለዚህ ነው።

ብዙ ዘመናዊ ፋይል እንዲህ ፖስታ ውስጥ ነው። «ፒኬ» ብሎ የሚጀምር ዚፕ ነው፣ ዚፕን የፈጠረው የፊል ካትዝ ስም መነሻ። ፒኬ ካያችሁ አትደምድሙ። የወርድ ሰነድም፣ የአንድሮይድ አፕም፣ የክሪታ ሥዕልም፣ የፍላሽ የሥራ ፋይል አዲሱም ዚፕ ናቸው። ፈታችሁ የውስጡን የፋይል ስሞች ተመልከቱ።

ተራ ጽሑፍ የሆኑትን መለየት ግን የልጅ ሥራ ነው። ኖትፓድ ይበቃል። የመጀመሪያው መስመር «ሃየራርኪ» ካለ ቢቪኤች ነው። ወደ ታች ወርዳችሁ የፍሬሞቹን ቁጥርና የአንዱን ፍሬም ጊዜ አባዙ። 240 ፍሬም፣ እያንዳንዱ 0.0333 ሰከንድ፣ ስምንት ሰከንድ የሚሆን እንቅስቃሴ ነው። የማያ የጽሑፍ ፋይል በመጀመሪያው መስመር ስሙን ይናገራል። የዩኒቲው አኒም «ያምል» ብሎ ይጀምራል። ኤፍቢኤክስ የሚባለው የሦስት አቅጣጫ ፎርማት፣ ባይነሪው (በተራ ጽሑፍ ያልተጻፈው) እንኳን መጀመሪያው ላይ «ኬይዳራ» የሚል ቃል አለበት። ኬይዳራ ፎርማቱን የሠራው የካናዳ ኩባንያ ነበር፣ በኋላ ኦቶዴስክ እጅ ገባ። ኩባንያው የለም፣ ስሙ ግን ዛሬም በየፋይሉ ግንባር ላይ አለ።

አቋራጭ አለ

እውነቱን ልናገር። ይሄን ሁሉ አንዲት ትእዛዝ በሁለት ሰከንድ ልትነግራችሁ ትችላለች። ሊኑክስና ማክ ላይ «ፋይል» የምትባል ትእዛዝ አለች። የተወለደችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዩኒክስ ላይ ነው። ሥራዋ እኔ በዓይን ያደረግኩትን ማድረግ ነው፣ ብዙ ሺህ ምልክት በቃሏ ይዛ። ዊንዶውስ ላይ ትሪድ የሚባል አለ፣ እሱ በመቶኛ ይገምታል። ለቪዲዮና ለአኒሜሽን ሚዲያኢንፎና ኤፍኤፍፕሮብ ጎበዞች ናቸው። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ደግሞ ፕሮኖም የሚባል የፎርማቶች መዝገብና ድሮይድ የሚባል መለያ ፕሮግራም በነፃ አቅርቧል። መንግሥት የድሮ ፋይሉን መክፈት ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ ያሳያል።

ታዲያ ለምን በዓይን አየሁት? ትእዛዟ «ዳታ» ብቻ ብላ ዝም የምትልበት ቀን አለ። አላውቀውም ማለቷ ነው። ያን ቀን የቀረ መንገድ መጠኑን ማስላት፣ ሌላ ተመሳሳይ ፋይል አጠገቡ አስቀምጦ ማወዳደር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውዬውን መጠየቅ ነው። በየትኛው ዓመት? በምን ፕሮግራም? አብረውት የነበሩ ፋይሎች ምን ይባላሉ? በዚያው ፎልደር የሚገኝ አንድ የጽሑፍ ፋይል ከአሥር ፕሮግራም ይበልጣል። ሰው የማይጠየቅበት ምርመራ አይጥመኝም።

በነገራችን ላይ ኤክስቴንሽን ይታይ ያልኩት ለዚህ ነው። «ሰርግ ነጥብ ኤምፒ4 ነጥብ ኢኤክስኢ» ብሎ የሚመጣ ፋይል አለ። ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ሲደብቃት ቪዲዮ ይመስላል። ሄክስ ላይ ስታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች «ኤምዜድ» ይላሉ። የማይክሮሶፍቱ መሐንዲስ ማርክ ዝቢኮውስኪ የስሙን መነሻ ነው ያስቀመጠው፣ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። አኒሜሽን ተብሎ የተላከ ነገር ኤምዜድ ካለ አትክፈቱት፣ አጥፉት። ኤስሲአር የሚባለው የስክሪን ሴቨርም ፕሮግራም ነው፣ ሥዕል አይደለም። ሄክስ ኤዲተር ውስጥ ማየት ግን አይጎዳም። ማየት ማስነሳት አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የማይከፈት ፋይልን «ኦንላይን ኮንቨርተር» ላይ የመጫን ልማድ አለ። የቤተሰብ ቪዲዮ ወይም የደንበኛ ሥራ ከሆነ እኔ አላደርገውም። የማን ሰርቨር ላይ እንደሚቀር አላውቅማ።

የጋሼን ስሙን ወደ ኤፍኤልአይ መለስኩት። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ይህን ፎርማት ያነባል፣ እውነተኛ ኤምፒ4 አድርጌ አወጣሁት። ፒክስሎቹ እንዳይደበዝዙ ልክ አራት እጥፍ አድርጌ አሳደግኩት።

ሰማያዊ ዳራ። ከመሐል የወርቅ ቀለም ያለው የአማርኛ ጽሑፍ እየተሽከረከረ ይመጣል፣ የሱቁ ስም። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየራሱ ፎንት የተተየበ ሰነድ ዛሬ ሲከፈት የሚነበብ ላይሆን ይችላል። ይሄ ግን የተሣለ ስለሆነ አንድ ፊደል አልጎደለውም። ከስሙ ስር ስልክ ቁጥር ብቅ አለ። ባለ ስድስት አሃዝ ነው፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረው የአዲስ አበባ ቁጥር።

ጋሼ ከስክሪኑ ቀድመው ቁጥሩን በቃላቸው አሉት። ከዚያ አራቱ ሰከንድ አለቀና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«እንዳታቆመው» አሉኝ።